ማኦ ሴቱንግ ወይስ ማኦ ዜዶንግ? የምሥራቅ እስያ መጻሕፍት ባለሙያዎች በማኅበር ተሰብስበው ምን ይሠራሉ?

ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ ሲወጡ በእጃቸው የቻይንኛ መማሪያ ደብተር የያዙ ወጣቶችን ማየት ዛሬ ብርቅ አይደለም። ቋንቋው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይሰጣል። ከእነዚህ ተማሪዎች አንዷ እዚያው አካባቢ ባለ አንድ ቤተ መጻሕፍት ስለ ማኦ የተጻፈ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ስትፈልግ አብሬያት ነበርኩ። መምህሯ የጻፈላትን ስም ኮምፒውተሩ ላይ አስገባች። «የለም» አላት። ደግማ ሞከረች፤ አሁንም የለም።

መጽሐፉ ግን ነበር። ሠራተኛዋ ተነሥታ ወደ መደርደሪያው ወሰደችን፣ አቧራውን አራግፋ ሰጠችን። ነገሩ እንዲህ ነው፤ መምህሩ ስሙን የጻፈው በአሁኑ አጻጻፍ «ማኦ ዜዶንግ» ብሎ ሲሆን፣ መጽሐፉ የታተመውም የተመዘገበውም ከብዙ ዓመታት በፊት ስለነበረ ካታሎጉ ላይ የሰፈረው «ማኦ ሴቱንግ» ተብሎ ነው። ሰውየው አንድ፣ አጻጻፉ ሁለት። ዕድሜያቸው የገፋ አንባቢዎቻችን ሁለተኛውን ስም ከድሮ ጋዜጦች ያውቁታል፤ ከተማውንም «ፔኪንግ» ይሉት ነበር፣ አሁን ቤጂንግ የምንለውን።

ሠራተኛዋ ጥፋት የለባትም። እንዲያውም ያገኘችልን የእሷ ትዝታ ነው። ነገር ግን ትዝታ ጡረታ ሲወጣ ወይም ሌላ ቦታ ሲዛወር መጽሐፉም አብሮ ይጠፋል። ይህን ዓይነቱን እንቆቅልሽ ለመፍታት በባሕር ማዶ ከሰባ ዓመት በላይ የሠሩ ሰዎች አሉ፤ የምሥራቅ እስያ መጻሕፍትን የሚጠብቁ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች። ሥራቸው ከውጭ ሲታይ ዓመታዊ ስብሰባና የኮሚቴ ወረቀት ብቻ ይመስላል። ውስጡ ሲገባ ግን ለእኛም ብዙ የሚናገረው አለው።

«ምሥራቅ እስያ» ሲባል የትኛው ነው? የራሱ ባለሙያስ ለምን አስፈለገው?

በቤተ መጻሕፍት ዓለም ምሥራቅ እስያ ሲባል በዋናነት ቻይና፣ ጃፓንና ኮሪያ ናቸው። ታይዋንና ሆንግ ኮንግ፣ በአንዳንድ ቤተ መጻሕፍት ሞንጎልያና ቲቤትም ይታከሉበታል። የዚህ ክፍል ባለሙያ የሚባለው ሰው ቋንቋውን አንብቦ መጽሐፉን የሚመርጥ፣ የሚገዛ፣ የሚመዘግብና ተመራማሪ ሲመጣ መንገድ የሚያሳይ ነው።

ልዩ ባለሙያ ያስፈለገበት የመጀመሪያ ምክንያት ፊደሉ ነው። የቻይና ጽሕፈት በሺዎች የሚቆጠሩ ምልክቶች አሉት፤ ጃፓኖች ከእነዚህ ምልክቶች ጋር ሁለት የራሳቸውን ፊደላት ይደባልቃሉ፤ ኮሪያውያን ደግሞ ሃንጉል የተባለ የራሳቸው ፊደል አላቸው። ሁለተኛው ምክንያት የመጽሐፉ አካል ራሱ ነው። ጥንታዊው የቻይና መጽሐፍ ስስ ወረቀት ነው፤ በክር ይሰፋል፤ በርካታ ጥራዞች አንድ ላይ ሆነው በጨርቅ በተለበጠ መያዣ ውስጥ ይገባሉ፣ መያዣውም በትንንሽ የአጥንት ቁልፎች ይዘጋል፤ መደርደሪያ ላይም ይጋደማል እንጂ አይቆምም። የእኛ የብራና መጻሕፍት ማኅደር ለምን እንደተሠራ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። ማኅደሩን ጥሎ ብራናውን ብቻ የሚያስቀምጥ ሰው ምን እንደሚያጠፋም ያውቃል።

የሙያ ማኅበር ስንል ምን ማለታችን ነው?

የሙያ ማኅበርና የሠራተኛ ማኅበር ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። የሠራተኛ ማኅበር ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሁኔታ ከአሠሪ ጋር ይደራደራል። የሙያ ማኅበር ስለ ሥራው ራሱ ነው የሚመክረው፤ እንዴት ቢሠራ ይሻላል፣ ማን ያስተምረው፣ በምን መለኪያ ይመዘን። ለዚህ ከደቦ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። የደቦ ሰዎች በየማሳቸው ለየብቻ ናቸው፤ ነገር ግን አንዱ ብቻውን ሊያጭደው የማይችለው እርሻ ሲኖር ይጠራራሉ። የምሥራቅ እስያ ባለሙያም በአንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ብዙ ጊዜ ብቻውን ነው፤ ከጎኑ ያለው ባልደረባው የሚሠራበትን ቋንቋ አያነብም። የሚያማክረው ሰው በሌላ ከተማ፣ አንዳንዴም በሌላ አገር ነው ያለው።

ይህ ማኅበር እንዴት ተጀመረ?

የታወቀው ማኅበር በሰሜን አሜሪካ ያለው የምሥራቅ እስያ ቤተ መጻሕፍት ምክር ቤት ነው። ስብስቦቹ ከማኅበሩ ይቀድማሉ። እ.ኤ.አ. በ1869 የቻይናው ንጉሠ ነገሥት ቶንግዢ ለአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት 933 ጥራዞች በስጦታ ልከው ነበር፤ የዚያ ቤት የቻይና ስብስብ ከዚህ ይጀምራል። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የቻይናና የጃፓን ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1928 ተቋቋመ። የመጀመሪያው ኃላፊው ቻይናዊው ምሁር ቺዩ ካይሚንግ ለእነዚህ መጻሕፍት የሚስማማ የአመዳደብ ሥርዓት ነደፉ፤ ሌሎች ብዙ ቤተ መጻሕፍትም ተከተሉት። የምዕራቡ ሥርዓት ለምዕራብ መጻሕፍት የተሰፋ ልብስ ስለነበረ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፍላጎቱ በድንገት ጨመረ። አሜሪካኖች ከጃፓን ጋር ተዋግተው፣ ቻይና አብዮት አካሂዳ፣ ኮሪያ ላይ ጦርነት ተነሥቶ ሳለ፣ እነዚህን አገሮች አንብቦ የሚያውቅ ሰው እጅግ ጥቂት እንደነበረ ታየ። እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣው የአሜሪካ የብሔራዊ መከላከያ ትምህርት ሕግ ለእነዚህ ቋንቋዎች ትምህርት ገንዘብ መደበ። ተማሪ ሲበዛ መጽሐፍ ይገዛል፤ መጽሐፍ ሲገዛ የሚመዘግበው ሰው ይፈለጋል። ጥቂት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1948 የጀመሩት ምክክር በ1958 በእስያ ጥናት ማኅበር ሥር ኮሚቴ ሆነ፣ በ1967 የምሥራቅ እስያ ቤተ መጻሕፍት ኮሚቴ ተባለ፣ በ1995 ደግሞ አሁን ያለውን የምክር ቤት ስም ያዘ። አውሮፓ ውስጥም ተመሳሳይ ስብስቦች አሉ፤ የቻይና ጥናት ቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1981፣ የጃፓን ምንጮች ባለሙያዎች በ1989 የየራሳቸውን ማኅበር መሥርተዋል።

በስም አጻጻፍ ላይ ይህን ያህል መድከም ለምን?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የነገሩ ሁሉ እምብርት ይህ ነውና።

ከራሳችን እንጀምር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1931 ጃፓንን ጎብኝተው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለ መጽሐፍ በ1924 ዓ.ም. አሳትመዋል። ስለ ምሥራቅ እስያ በአማርኛ ከተጻፉት ቀደምት መጻሕፍት አንዱ ነው። አሁን ይህን መጽሐፍ በኮምፒውተር ፈልጉት። «ኅሩይ» በኅ፣ በሕ ወይም በህ ሊጻፍ ይችላል፤ «ሥላሴ» በሥ ወይም በስ። በሁለት ቃል ብቻ ስድስት አጻጻፍ ወጣ። የርእሱን ኅ፣ ሃ እና ሀ ስንጨምርበት ቁጥሩ የት እንደሚደርስ አንባቢ ያስላው። ሰው ሲያነበው ሁሉም አንድ ድምፅ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን አንድም የሚመሳሰል የለም፤ አንድ ናቸው ካልተባለ በቀር አያውቅም።

የቻይንኛው ችግር የዚህ ታላቅ ወንድም ነው። ቻይና እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ ብዙ ምልክቶችን አቅልላ ስትጽፍ ታይዋንና ሆንግ ኮንግ በነባሩ ቀጠሉ፤ ጃፓንም በበኩሏ ሌላ ዓይነት ማቅለያ አደረገች። ስለዚህ አንዱ ቃል ሦስት መልክ ሊኖረው ይችላል። በዚህ ላይ የውጭ ቤተ መጻሕፍት ድምፁን በላቲን ፊደል ይገለብጣሉ። ለረጅም ዘመን የተሠራበት በሁለት እንግሊዛውያን፣ በዌድና በጃይልስ ስም የሚጠራው ሥርዓት ነበር፤ «ማኦ ሴቱንግ» እና «ፔኪንግ»ን የመሳሰሉ አጻጻፎች ከዚያ ዘመን የመጡ ናቸው። ቻይና ራሷ እ.ኤ.አ. በ1958 ፒንዪን የተባለውን ሥርዓት አጸደቀች፤ «ማኦ ዜዶንግ» እና «ቤጂንግ» የዚህ ናቸው። ጋዜጦች ቀስ በቀስ ተሻገሩ። ቤተ መጻሕፍት ግን እንደ ጋዜጣ ከነገ ጀምሮ መቀየር አይችሉም። የትናንቱ መዝገብ አለባቸው። አዲሱ መጽሐፍ በአዲሱ፣ አሮጌው በአሮጌው ቢመዘገብ የአንድ ደራሲ ሥራዎች በሁለት ሰው ስም ይበተናሉ። ስድስት ኪሎ ያጋጠመንም ይኸው ነው።

የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትና ሌሎች ትልልቅ ተቋማት ወደ ፒንዪን የተሻገሩት እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 2000 ነው። ከጸደቀ ከ42 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ዘግይቷል የሚሉ ይኖራሉ፤ እኔ ግን ዝግጅቱን ሳስበው አይገርመኝም። የማኅበሩ አባላት ዓመታት የተከራከሩት እንደ ቃል ክፍተት ባሉ ጥቃቅን በሚመስሉ ነገሮች ላይ ነው። ለምሳሌ በቻይንኛ ቤተ መጻሕፍት «ቱ ሹ ጓን» ነው፤ ሦስት ምልክት። ተገጥሞ እንደ አንድ ቃል ይጻፍ ወይስ እንደ ሦስት? የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለያይቶ መጻፍን መረጠ፤ ሰውና ቦታ ሲጠራ ግን ይገጠማል። ፈላጊው ይህን ካላወቀ ገጥሞ ጽፎ ባዶ እጁን ይመለሳል።

የኮሪያው ጉዳይ ደግሞ ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል። የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች እ.ኤ.አ. በ1951 ያረፉበትን ወደብ የእኛ ዘማቾች «ፑሳን» ሲሉት ኖረዋል። የደቡብ ኮሪያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2000 አዲስ የላቲን አጻጻፍ ስላወጣ ዛሬ ካርታ ላይ «ቡሳን» ሆኖ ይገኛል። የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ግን እ.ኤ.አ. ከ1939 ጀምሮ ባለው በቀድሞው ሥርዓት ነው እስካሁን የሚመዘግቡት። ቃኘው ራሱ በኮሪያኛ ሲጻፍ ድምፁ ወደ «ካንግኒዩ» ይጠጋል። አፍንጮ በር ያለውን የዘማቾች መታሰቢያ ጎብኝቶ ስለ ሻለቃው ማንበብ የሚፈልግ ኮሪያዊ ተማሪና አማርኛ የሚያነብ ተማሪ ስለ አንድ ጦር የተጻፉትን መጻሕፍት በሁለት የተለያየ ስም ይፈልጋሉ ማለት ነው። ሁለቱን ስሞች የሚያስተዋውቃቸው መዝገብ የሚያዘጋጀው ባለሙያ ነው።

የስም ቅደም ተከተልም አለ። ቻይናውያን፣ ጃፓናውያንና ኮሪያውያን የቤተሰብ ስም ያስቀድማሉ። በሺ ጂንፒንግ ስም ውስጥ የቤተሰቡ ስም «ሺ» ነው። የእኛ ስም ደግሞ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር ጨርሶ የለውም፤ የራስና የአባት ነው። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1964 ቶኪዮ ላይ ማራቶን ሲያሸንፍ የምዕራቡ ጋዜጦች «ቢቂላ» እያሉ ጻፉ፤ ጃፓኖች ግን «አቤቤ» አሉት፣ እስከ ዛሬም በዚሁ ያስታውሱታል። በካታሎግ ደንብም የኢትዮጵያዊ ስም ከራስ ስም ይጀምራል። ይህ ደንብ ከሰማይ አልወረደም፤ ልማዱን የሚያውቁ ባለሙያዎች ተናግረው ያስገቡት ነው። ባይናገሩ ኖሮ መጽሐፎቻችን በአባቶቻችን ስም ተመዝግበው ይቀሩ ነበር።

ፊደሉን ኮምፒውተር ላይ ያስገባው ማን ነው?

ለብዙ ዘመን ካታሎግ ማለት በመሳቢያ የተሰደረ ካርድ ነበር፤ የቻይና ምልክት በእጅ ይጻፍበታል። ኮምፒውተር ሲመጣ የላቲን ፊደል ብቻ ያውቅ ስለነበረ ዋናው ጽሕፈት ከመዝገቡ ወጣ። የቻይና፣ የጃፓንና የኮሪያ ፊደላትን በትልቅ የጋራ ካታሎግ ላይ ማስገባት የተቻለው እ.ኤ.አ. በ1983 በአሜሪካ የምርምር ቤተ መጻሕፍት ቡድን ሥርዓት ነው። ቤተ መጻሕፍት በዚህ ከብዙ ኩባንያዎች ቀደሙ። በኋላ ሁሉንም የዓለም ፊደላት የያዘው ዩኒኮድ ሲስፋፋ የእኛም ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በሦስተኛው እትም ገባ። ዛሬ ይህን ጽሑፍ በስልክዎ የሚያነቡት በዚያ ምክንያት ነው።

ሲሰበሰቡ ምን ያደርጋሉ?

ምክር ቤቱ በዓመት አንድ ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ በመጋቢት ወር፣ ከእስያ ጥናት ማኅበር ጉባኤ ጋር አያይዞ ይሰበሰባል። ለቻይና፣ ለጃፓንና ለኮሪያ ጽሑፎች የየራሳቸው ኮሚቴ አለ፤ የካታሎግ ሥራ፣ የአንባቢ አገልግሎትና ቴክኖሎጂም እንዲሁ። አመራሩን አባላት ይመርጣሉ። የራሱ መጽሔት አለው። አዲስ ገቢዎችን ያሠለጥናል።

ከሥራዎቹ ሁሉ በጣም የማደንቀው ግን ቆጠራውን ነው። አባል ቤተ መጻሕፍት በየዓመቱ ስንት መጽሐፍ እንዳላቸው፣ ስንት እንደገዙ፣ ስንት ሠራተኛ እንዳላቸውና ምን ያህል እንዳወጡ ያስመዘግባሉ። አኃዙ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ ያለ ሲሆን በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ በሚገኝ የመረጃ ቋት ማንም ያየዋል። ጥቅሙ ግልጽ ነው። የአንድ ክፍል ኃላፊ በጀት ሲቆረጥበት «አነሰኝ» ቢል የሚሰማው የለም፤ እኩያ ዩኒቨርሲቲዎች ያላቸውን ቁጥር አቅርቦ ሲናገር ግን ክርክሩ ሌላ ይሆናል።

ገንዘብ ሲያንስስ?

በየሰፈራችን የዕድር ድንኳን፣ ወንበርና ድስት አለ። ለአንድ ቀን ሐዘን ብሎ ድንኳን የሚገዛ ቤተሰብ የለም፤ የዕድሩ ነው፣ ለሁሉም ይደርሳል። ባለሙያዎቹም ውድ መጻሕፍትን እንዲህ ይዘውታል። በጃፓን የሚታተሙ፣ በብዙ ጥራዝ የሚወጡ የሰነድ ስብስቦች አሉ፤ ዋጋቸው ለአንድ ቤት ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ1991 የተቋቋመው የሰሜን አሜሪካ የጃፓን ምንጮች አስተባባሪ ምክር ቤት ከጃፓንና አሜሪካ የወዳጅነት ኮሚሽን በሚገኝ ገንዘብ ግዢውን ሲደግፍ ቆይቷል። የተደገፈው ቤተ መጻሕፍት ግዴታ አለበት፤ ሌላው ሲጠይቀው ያውሳል። ለኮሪያ መጻሕፍት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1994 ስድስት ዩኒቨርሲቲዎች በኮሪያ ፋውንዴሽን ድጋፍ ኅብረት ፈጥረው የጥናት መስኮችን ተከፋፈሉ። ሁሉም አንድ ዓይነት መጽሐፍ ከሚገዛ አንዱ በዚህ፣ ሌላው በዚያ ይጥለቅ፣ ከዚያም ይዋዋሱ አሉ።

የዲጂታል ዘመን ይህን አላቀለለውም። መጽሐፍ ከተገዛ በኋላ የገዢው ነው፤ የመረጃ ቋት ግን ኪራይ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ሲ.ኤን.ኬ.አይ. የተባለው ትልቁ የቻይና የምርምር ጽሑፎች ቋት የመመረቂያ ጽሑፎችን፣ የጉባኤ ጽሑፎችን፣ የስታቲስቲክስ ዓመታዊ መጻሕፍትንና የሕዝብ ቆጠራ መረጃን ለውጭ ተቋማት ዘጋ። ከፋዩ ቢከፍልም አልደረሰውም። እንዲህ ሲሆን ማን የትኛውን የወረቀት ቅጂ እንደያዘ የሚያውቅ የባለሙያዎች መረብ መኖሩ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ያን ጊዜ ይታያል።

ይህ ሁሉ አዲስ አበባን ምን አገባት?

የኢትዮጵያ መጻሕፍት በሌሎች አገሮች ቤተ መጻሕፍት እንደ ምሥራቅ እስያ መጻሕፍት ናቸው፤ ጥቂት ሰው የሚያነበው ፊደል፣ ለሥርዓቱ የማይመች ስም። በምሥራቅ እስያ በኩል ቋንቋውን የሚያውቁት ሰዎች ተደራጅተው ስለ ተናገሩ ደንቡ ተስተካከለ። የአማርኛ ሞክሼ ፊደላት በካታሎግ እንዴት ይያዙ የሚለውን ጥያቄ ግን ከስድስት ኪሎው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ወይም ከወመዘክር ባለሙያዎች የተሻለ የሚመልሰው ማን አለ? እነሱ ይህን ሥራ በየቀኑ ይሠሩታል። የሚያውቁት ነገር በየራሳቸው ማስታወሻ ከሚቀር በጋራ ተጽፎ፣ ደንብ ሆኖ ባየው እጅግ ደስ ይለኛል።

ቻይንኛና ኮሪያኛ የሚማሩ ልጆቻችንም በየቤተ መጻሕፍቱ በስጦታ የመጡ፣ ርእሳቸውን የሚያነብ ጠፍቶ በቀለማቸውና በቁመታቸው የተሰደሩ መጻሕፍትን አንብበው መመዝገብ ይችላሉ። የባለሙያ ቁጥጥር ያስፈልገዋል እንጂ ችሎታው በእጃቸው አለ።

ወደ ማኦው መጽሐፍ ልመለስ። ሠራተኛዋ መጽሐፉን ከሰጠችን በኋላ ልጅቷን አጠገቧ አስቀመጠቻት፣ የመዝገቡን ገጽ ከፍታም አዲሱን አጻጻፍ ፊደል በፊደል እያስነገረቻት ጻፈች። ከዚያ በድሮ ካርዶች ላይ እንደሚደረገው «ማኦ ሴቱንግ የሚለውን ተመልከት» የሚል ማመልከቻ አስገባች። ከሰዓት በኋላ ተመልሰን ስንሞክረው መጽሐፉ በሁለቱም ስም ወጣ።